የእማዬ ቢላ እጀታ ለሦስተኛ ጊዜ ወለቀ፤ ምን ላድርግ?

የሰቃ ልጅ
ግንቦት 4

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ለእማዬ ቢላ አሠርቼላት ነበር። ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው ያወጡት ነው። ስለቱ 18 ሴንቲ ነው። ጀርባው ላይ የመዶሻው ምት አሁንም ይታያል፤ እኔ እሱን ነው የምወድለት። እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራ 9 ሴንቲ ይረዝማል። አንገቱ ጋ 10 ሚሊ ይሰፋል፣ ጫፉ ጋ ወደ 6 ይቀጥናል፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ነው። ሰውዬው ብረቱን ብቻ ሰጡኝና «እጀታውን አንተ ታበጅለታለህ» አሉኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሦስት እጀታ ፈጅቻለሁ።

የመጀመሪያው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር። መሃሉን በስቼ ብረቱን በመዶሻ እየመታሁ ከተትኩት። ወር ሳይሞላው መወላወል ጀመረ። እሱስ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልከራከርም።

ሁለተኛው ኩራቴ ነበር። አያቴ ዘንድሮ ጥር ላይ ያረጀ ቡናቸውን ሲጎነድሉ የእጅ አንጓ የሚያህል ግንድ ለምኜ ወሰድኩ። የቡና እንጨት ያላያችሁ ካላችሁ፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ደቃቅ ነው፣ ሲላግ እንደ አጥንት ይለሰልሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሁለት ሳምንት አደረቅኩት። ከዚያ ከተማ ውስጥ የእንጨት ቶርኖ (እንጨት እያዞሩ የሚቀርጹበት ማሽን) ያለው ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው አሳምሮ አዞረልኝ፤ ወገቡ ቀጠን፣ ጅራቱ ላይ እንቡጥ ያለው። ሲጨርስ በድሪል በሳልኝ። ቀዳዳው ግን ወደ አንድ ጎን ሸሸ። ቢሆንም ያምር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከአንገቱ ፀጉር የምታክል መስመር ወጣች። በአምስተኛው ሳምንት ሳንቲም ይገባባት ነበር።

ሦስተኛውን ከዚያው ግንድ ትራፊ ሠራሁ። ይኼኛውን «የድሮ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት» ስለተባልኩ ጭራውን ከሰል ላይ አግዬ እንጨቱ ውስጥ ሰካሁት። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ሲቀዘቅዝ አወጣሁት፣ ሱፐር ግሉ አፈሰስኩበትና መልሼ መታሁት። እንደ አለት ሆነ።

እስከ ፋሲካ። እማዬ ዶሮ ስትገነጥል አጠገቧ ቆሜ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ታፋው መጋጠሚያ ላይ ስትደርስ ጫን አለች። እጀታው እጇ ውስጥ ዞረ፤ ብረቱ እዛው ታፋው ላይ ተሰክቶ ቀረ። ደግነቱ አልቆረጣትም። ምንም አላለችም። መሳቢያውን ከፍታ የድሮውን የሱቅ ቢላ አወጣችና 12ቱን ብልት በሱ ጨረሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እጀታው አጠገብ ያለው ስለት ከሌላው ቶሎ ይዶለድማል። ሁለት ጣት ያህሉ። ምክንያቱን አላውቅም።

ምን ዓይነት እንጨት ልጠቀም? በምን ላጣብቀው? ቶርኖ ቤት ልመለስ ወይስ በእጄ ልጥረበው?


ቆጪ ሰፈር
ግንቦት 4

ባለ ፕላስቲክ እጀታ ገዝተህ ተገላገል ወንድሜ። ለአንድ ቢላ ይህን ሁሉ?


የሰቃ ልጅ
ግንቦት 4

ገዝታማ አላት። ፋሲካ ላይ ያወጣችው እሱን ነው። ችግሩ እሱ ነው እኮ።


ባለቶርኖው
ግንቦት 5

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን መነጽሬን አድርጌ። እኔ እዚሁ ጅማ 31 ዓመት እንጨት አዙሬያለሁ። የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ። ሰው ሁሉ በርጩማም የምሠራ ይመስለዋል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ በመጥረቢያና በመሮ የሚወጣ ነው፣ ቶርኖ አያውቅም። እሱን እንተወው።

መጀመሪያ ሕመሙን እንይ። እንጨት ሲደርቅ ይከሳል። ብረት አይከሳም። እርጥብ እንጨት ውስጥ ብረት ስትከት እንጨቱ እየከሳ ብረቱን ያቅፋል። ማቀፉ መጠን ሲያልፍ ይፈነዳል። የቡናው እጀታ ከአንገቱ ጀምሮ የተሰነጠቀው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ወደ ጎን ሸሽቷል አላልክም? የተሰነጠቀው በዚያ በሳሳው በኩል እንደሆነ እምላለሁ። ሄደህ እየው።

ሁለት ሳምንት ቆርቆሮ ላይ! ቆዳው ደረቀ፣ ሆዱ ገና እንደ ጎመን ነበር። እናንተ ደግሞ የቡና ልጆች ናችሁ። ፍሬውን እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 ከመቶ እስኪወርድ ማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጣችሁ፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታ እየሸፈናችሁ ትጠብቃላችሁ። ለግንዱ ሲሆን እንዲህ መጣደፍ ምንድን ነው?

እኔ እንጨት ሲመጣልኝ 4 በ4 ሴንቲ አድርጌ እሰነጥቀዋለሁ፣ ርዝመቱን 16። በሁለቱ ጫፍ የሻማ ሰም አቅልጬ እቀባለሁ። እንጨት ውሃውን አብዝቶ የሚተፋው በጫፉ ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ከደረቀ ከዚያ ይጀምርና ይተረተራል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ። ለ2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል። እኔ ግን ዓመት ቆጥሬ አላውቅም፣ በሚዛን ነው የምሄደው። ጎረቤቴ ሱቅ ያለው ሚዛን ላይ በየሳምንቱ አስቀምጥና ግራሙን ጎኑ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ካልወረደ ደርቋል። ክረምት ላይ ግን ቁጥሩ ቆሞ ያታልልሃል፤ ጅማን ታውቃታለህ፣ ዝናቡ ሲገባ ግድግዳውም ያልበዋል። በጋ ላይ ደግመህ መዝን።

መጠበቅ ካልፈለግህ ቤት ውስጥ ፈልግ። የተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ፣ የፈረሰ ወንበር፣ የድሮ ዘነዘና። ወይራ ከሆነ ሌላ አትፈልግ። ይከብዳል፣ ደቃቅ ነው፣ በተፈጥሮው ቅባት አለው። ዋንዛ ለቢላ እጀታ አልመክርህም፣ ለበርጩማና ለበር ነው፤ ለዚህ ይለሰልሳል። የቡና እንጨትህም ጥሩ ነው፣ አልጠላውም፤ ዓመት ይቆይና እናየዋለን።

አሁን ዋናው። ቀዳዳው መጀመሪያ፣ ቅርጹ በኋላ። ያዞረልህን ሰው አልወቅሰውም፤ የአልጋ እግር ሲሠራ የኖረ ሰው ቀዳዳ አያስጨንቀውም። የቢላ እጀታ ግን አንዴ ክብ ከሆነ በኋላ መሃሉን ቀጥ አድርጎ 9 ሴንቲ መብሳት ከባድ ነው። ስለዚህ አራት ማዕዘን ሳለ ብሳው። በ6 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ 9 ሴንቲ ጥልቀት። ፑንታው ላይ 9 ሴንቲው ጋ ፕላስተር ጠቅልልበት፣ እዚያ ሲደርስ ታቆማለህ። እንጨቱን ሞርሳ (ማጥበቂያ) ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው። አንተ ከፊት ስትሆን ሌላ ሰው ከጎን ይቁምና «ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ» ይበልህ። ብቻህን አትሞክር፤ ከፊት ሆነህ የጎኑን ዝንባሌ አታየውም።

ከዚያ ቶርኖው ላይ ስታስረው እንጨቱን የሚይዘውን የቶርኖውን ሹል ጫፍ እዚያው ቀዳዳ አፍ ውስጥ አስገባው። ገባህ? እንጨቱ ቀዳዳውን መሃል አድርጎ ይዞራል። ቀዳዳው ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ አፉ ምንጊዜም መሃል ላይ ይሆናል፤ ቀለበቱ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያ ነው። ለዚህ ውፍረት በደቂቃ ከ1,000 ዙር ጀምር፣ ክብ ሲሆን ወደ 2,000 ውጣ።

ቀለበት ያልኩህ አንገቱ ላይ የሚገባው ብረት ነው። ያለሱ አትሥራ። የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይበቃሃል፣ 12 ሚሊ ርዝመት ቁረጥ። የውስጥ ስፋቱ ወደ 16 ሚሊ ነው። ነጩን ዚንክ በሞረድ ጠርገህ አንሳ፤ እሳት ውስጥ እንዳትከተው፣ የዚንክ ጭስ ያሳምማል። የእንጨቱን አንገት ቧንቧው ከሚቀበለው በፀጉር ያህል ወፈር አድርገህ አዙረው፣ አፉን ሾጠጥ። ሞርሳ ላይ አስጠግተህ በቀስታ ጨምቀህ አስገባ። ያቺ ቀለበት ናት እናትህ ታፋው መጋጠሚያ ላይ ጫን ስትል እንጨቱን የምትይዘው።

ስለ ማጋልም ልንገርህ። ጭራውን ራሱን አታግል። ስለትህ እጀታው አጠገብ ቶሎ የሚዶለድመው ለዚያ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ታያለህ አይደል? ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ያኔ 220 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ ሰማያዊው ወደ 300 ነው። እዚያ ሲደርስ ጥንካሬው ወርዷል። በዚያ ፈንታ ከማንም ወዳጅህ 4 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ለምንና እንደ ጭራህ አድርገህ ሞርደው። እሱን አግል። ሦስት አራት ሰከንድ ሰክተህ አውጣ። ከሰሉን አራግፍ። ደግመህ ስካ። ጭራህ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው አቁም።

ሲያልቅ ደግሞ ቀዳዳውን በቀጭን ሞረድ ፋቀው፣ እስኪነጣ። ሱፐር ግሉህ ያልያዘው ለምን መሰለህ? የያዘው ከሰሉን ነበር። ከሰሉ ደግሞ እንጨቱን አልያዘም።

ማጣበቂያው ሁለት ቱቦ ያለው ኢፖክሲ ይሁን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀው። ጭራውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ከዚያ በእጅህ አትንካው። ኢፖክሲውን በስንጥር ወደ ውስጥ እየላክህ ቀባ፤ ዝም ብለህ ካፈሰስከው አየር ከታች ይታፈንና ብረቱን መልሶ ይገፋዋል። 24 ሰዓት አትንካው። ከዚያ ከአንገቱ 3 ሴንቲ ላይ በ3 ሚሊ ፑንታ እንጨቱንም ብረቱንም አሳልፈህ ብሳና የነሐስ ዘንግ አሳልፍበት። ሁለቱን ጫፍ በትንሽ መዶሻ ጠፍጥፈው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስቀህ እንዳታልፈው። ብረቱ ከገባ በኋላ «ትንሽ ላሳምረው» ብለህ ቶርኖ ላይ እንዳትመልሰው። 18 ሴንቲ ስለት በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር አስበው። እጅጌህንም ሰብስብ። ጓንት አታድርግ።


እሳትና ወናፍ
ግንቦት 6

ጋሼ ያሉት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ አልስማማም። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።

አንደኛ፣ አባቴ ጭራውን ራሱን አግሎ ነው ሲከት የኖረው፣ ያለ ኢፖክሲ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳሎን ተቀምጦ የማየው ቢላ አለ፣ አንዴም አልወለቀም። ልዩነቱ ሁለት ነገር ነው። ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው፤ ጨርቁ ሲጨስ ውሃ ይጨምርበታል። ሙቀቱ ስለቱ ጋ አይደርስም። ሌላው፣ ጭራው ትኩስ ሳለ ጠርዙን በመሮ እየመታ ጥርስ ያወጣለታል፣ ወደ አንገቱ የተቀለበሱ። እንደ ዓሣ መንጠቆ በላቸው። ሲገባ ይገባል፣ ሲወጣ ይነክሳል። ያንተ ጭራ ልሙጥ ከሆነ ሰውዬው ረስተውታል፣ ወይም እጀታውን ራሳቸው እንደማይከቱት ስላወቁ ትተውታል። አንተም በመጋዝ ልትቧጥጠው ትችላለህ፣ ጥልቀቱ ከግማሽ ሚሊ አይበልጥ።

ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ሆነ ብለህ አትደንግጥ። ባሌስትራ መጀመሪያውኑ ሲወለድ ሞላ ሆኖ ነው የተወለደው። ሰማያዊ የሆነው ክፍል ቶሎ ይዶለድማል እንጂ አይሰበርም። ለአጥንት የሚሆነው እሱ ነው እንዲያውም። ሰውዬው ጋ ብትመልሰው እንደገና አግለው ዘይት ውስጥ ነክረው ያስተካክሉታል። ለሁለት ጣት ቦታ ግን እኔ ብሆን አልለፋም።

እንጨት ካስቸገረህ ቀንድ አለ። የበሬ ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ትኩስ ጭራ ሲገባበት ዙሪያውን ይይዛል። ሽታውን ግን ከቤት ውጪ ጨርስ። ጎረቤት ይጣላሃል።


ባለቶርኖው
ግንቦት 6

ጥርሱን ወድጄዋለሁ። ያን አላውቅም ነበር። በእርጥብ ጨርቁ ግን ጀማሪ አላምንም፤ አባትህ ዓይኑ ቀለሙን ያነባል፣ ይኼ ልጅ ገና ጭሱን ነው የሚያየው።


የጓዳ ሴት
ግንቦት 7

ስለ ቶርኖ አላውቅም። ስለ ሽንኩርት አውቃለሁ። ለድግስ ስጠራ በአንድ ጥዋት 20 ኪሎ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

ሁላችሁም ስለ መውለቅና ስለ መሰንጠቅ ታወራላችሁ። የቢላው እጀታ ክብ መሆኑን ማን አየ? ልጁ «እጀታው እጇ ውስጥ ዞረ» ብሏል እኮ። ባይወልቅም ይዞር ነበር። እጅ ቅባት ሲነካው ክብ ነገር ይሾልካል። ዓይን በሽንኩርት ታውሮ እያለ ስለቱ ወዴት እንደዞረ የሚነግረኝ መዳፌ ነው። ክብ እጀታ አይነግረኝም። እንቁላል የመሰለ ይሁን፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ። ጅራቱ ጋ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ወፈር ይበል። ደግሞ በራስህ እጅ አትለካ። የእናትህን መዳፍ ለካ።


ባለቶርኖው
ግንቦት 7

እህቴ አፈርኩ። 31 ዓመት ክብ ስሠራ ኖሬ ሁሉም ነገር ክብ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ልጄ፣ ሁለት መንገድ አለህ። ቀላሉ፣ ክብ አድርገህ ከጨረስክ በኋላ ሁለቱን ጎን በሞረድ ማሳሳት ነው። በየጎኑ 3 ሚሊ ያህል። ሌላው ቶርኖው ላይ ነው። አንገቱ ጋ ያለው ሹል እዛው ቀዳዳው ውስጥ ይቆይ፣ አይነካም። ጅራቱን ግን ከመሃል 4 ሚሊ ወደ ላይ አስርና ትንሽ አዙር፣ ከዚያ 4 ሚሊ ወደ ታች አስርና አዙር። አንገቱ ክብ እንደሆነ ይቀራል፣ ወደ ጅራቱ ሲሄድ ሞላላ ይሆናል። ፍጥነቱን ወደ 1,000 መልስ፣ እንጨቱ ስለሚንገዳገድ። የሹሎቹ ምልክት ጅራቱ ላይ ስለሚቀር መጨረሻ ላይ የምትቆርጠው 2 ሴንቲ ትርፍ ተው።

የእሷን መዳፍ ስፋት ለካና 3 ሴንቲ ጨምርበት። እጀታው ያ ነው።


የሰቃ ልጅ
ሰኔ 9

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ስንጥቁ በሳሳው በኩል ነው። ሄጄ አየሁት።

እንጨቱን ያገኘሁት አያቴ ቤት ነው። ጓሮ በር ኋላ የተጣለ ዘነዘና ነበር፣ ከታች ጫፉ የተፈረከሰ። ወይራ ነው። አያቴ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ስጠይቃቸው «እናትህ ሳትወለድ ቡና ይወቀጥበት ነበር» አሉኝ። ስሰነጥቀው ውስጡ ጥቁርና ቢጫ መስመር በመስመር ሆኖ ወጣ። አፍንጫዬ ነው መሰለኝ፣ ቡና ቡና ሸተተኝ። መሃሉ ላይ ያለው ልቡ ግን ተሰነጣጥቋል። እሱን ትቼ ከጎንና ከጎኑ ሁለት ጥርብ አወጣሁ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሴንቲ ተኩል።

ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ደግሜ መዘንኩት። ያው ነው።

የመጀመሪያውን ጥርብ አበላሸሁት። ብቻዬን በሳሁ፤ አትሞክር ተብዬ ሞከርኩ። ፑንታው በጎን ወጣ። ሁለተኛውን እህቴ ከጎን ቆማ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ!» እያለች በሳሁት። እሷ ባትኖር ይሄም ያልቅ ነበር።

ቶርኖ ቤት ስሄድ ባለቤቱን ቀዳዳው መጀመሪያ ነው ብዬ ሳሳየው ሳቀ። «ይኼን ማን ነገረህ?» አለኝ። አንድ ሽማግሌ አልኩት። ሹሉን ቀዳዳው አፍ ውስጥ ሲያስገባውና እንጨቱ ሳይርገበገብ ሲዞር ግን ሳቁ ቆመ። ወይራ ሲዞር ልጣጩ እንደ ባሕር ዛፍ ብናኝ ሆኖ አይረግፍም፣ እንደ ጥብጣብ ይተረተራል። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ተቀምጠን ጠበቅን። አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ጨረስነው። ጅራቱን 4 ሚሊ ማዛነፉን ሁለቴ አስረድቼው ነው እሺ ያለው፤ እንጨቱ ሲንገዳገድ እኔም ፈርቼ ነበር።

ቀለበቱ የቧንቧ ነው። ጭራው ላይ በመጋዝ ስምንት ጥርስ አወጣሁ። የማጋያውን ብረት የሠራሁት ከአሮጌ የመስኮት ፍርግርግ ነው። ቀዳዳውን እስኪነጣ ፋቅኩት፣ ያ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ኢፖክሲውን ከሞላሁ በኋላ ብረቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞሮ እንደገባ አየሁ። ከእጀታው ጅራት በኩል በአንድ ዓይን ሳይ ነው የታየኝ። ገና ሳይደርቅ አስተካከልኩት። ከዚህ በኋላ የምትሠሩ ካላችሁ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በጅራቱ በኩል እዩ፣ ከፊት ለፊት አይታወቅም።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት። የተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ አንዴ ስስ አድርጌ። ጨርቁን አጣጥፌ ጥግ ላይ ልጥለው ስል አንድ ጓደኛዬ ጮኸብኝ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቼ ገመድ ላይ ሰቀልኩት።

አሁን ጾም ስለሆነ ዶሮ የለም። እማዬ በዱባ ሞከረችው። ትልቅ፣ ቆዳው እንጨት የሚያህል ዱባ ነው። ለሁለት ከፈለችው። እጀታውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይኼ የእናቴ ዘነዘና ነው?» አለች። አዎ አልኳት። አንዴ አሸተተችው። ከዚያ «ረዝሟል» አለች።

እውነቷን ነው። መዳፏ 8 ሴንቲ ነው፣ ከ3 ጋር 11 መሆን ነበረበት። እኔ ፈርቼ 13 አደረግሁት። ጭራው 9 ነው። 1 ሴንቲ ተኩል ብቆርጠው ችግር አለው?


ባለቶርኖው
ሰኔ 9

የለውም። ጭራህ 9 ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ጠጣር እንጨት ነው፣ የነሐስ ዘንግህም አንገቱ ጋ ነው። ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ ቁረጥ። መቁረጫው ቦታ ላይ ፕላስተር ጠምጥምበት፣ ጠርዙ እንዳይሸረፍ። የተቆረጠው ጫፍ አዲስ አፍ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ዘይቱን እንደገና ሦስት ጊዜ አጠጣው። እናትህን ደግሞ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ እንዳታሳድረው ንገራት። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ብረቱ ስለማይለቅለት ራሱን ይጨፈልቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። በአራተኛው እጀታ እንዳትመጣብኝ።


የጓዳ ሴት
ሰኔ 10

ሐምሌ 5 ጾሙ ሲፈታ ታፋው ላይ እንዴት እንደሆነ ንገረን።


የሰቃ ልጅ
ሰኔ 11

እሺ። ቆረጥኩት። ዘይቱ ሁለተኛው ላይ ነው።

ቁራጩን እማዬ ወሰደችው። የድስቷ ክዳን መያዣ ቀልጦ ከወደቀ ቆይቷል። «መሃሉን ብሎን የሚገባበት አድርገህ ብሳልኝ» ትላለች። እህቴን ከጎን አቁሜ ልበሳው ነው።